ጊት ባይሴክት፦ "በፊት ይሰራ ነበር እኮ" ለሚባል ባግ ከዚህ የተሻለ መሳሪያ አላየሁም

ስለ ጊት ባይሴክት ሪቪው ልጽፍ ነው። ጊት የኮድ ለውጥን "ኮሚት" እያለ በየደረጃው መዝግቦ ሚይዝ ፕሮግራም ነው፣ ባይሴክት ደግሞ ባጉን ያመጣው ኮሚት የቱ እንደሆነ ሚፈልግ የጊት ትዕዛዝ ነው። ሚገዛ ነገር አደለም፣ አካውንት ክፈቱ አይልም፣ ካርድ አይጠይቅም፣ ጊት ላፕቶፓችሁ ላይ ከተጫነ እሱም አብሮ ገብቷል። ግን ጅማ ውስጥ ማቃቸው ዴቨሎፐሮች አብዛኞቹ ጊትን በየቀኑ እየተጠቀሙ አድ፣ ኮሚት፣ ፑሽ፣ ፑል ብለው እዛው ላይ ያቆማሉ፣ ባግ ሲመጣ ደግሞ ኮዱን ከላይ እስከታች እያነበቡ ሌሊቱን ያነጋሉ። ይሄ ነገር በጣም ስለሚያንገበግበኝ ነው ምጽፈው።

መጀመሪያ ለየትኛው ባግ እንደሚሆን ግልጽ ላርግ፣ ምክንያቱም ለሁሉም አይሆንም። ከመጀመሪያውም ሰርቶ ማያውቅ ነገር ካለ ባይሴክት ምንም አያረግላችሁም፣ ዲበገር ከፍታችሁ ብሬክፖይንት አስቀምጣችሁ መስመር በመስመር መሄድ ነው ያለው አማራጭ። ባይሴክት ሚያስፈልጋችሁ ደንበኛው ደውሎ "ኧረ ይሄ ነገር በፊት ይሰራ ነበር እኮ፣ ምን ነክታችሁበት ነው" ሲላችሁ ነው። እዚ ጋ ጥያቄው መቼ ተበላሸ ነው። መቼ እንደተበላሸ ካወቃችሁ የት ሚለው አብሮ ይመጣል፣ ምክንያቱም ያን ቀን የተነካኩት መስመሮች ጥቂት ናቸው፣ እነሱን ብቻ ነው ምታነቡት።

አሰራሩ እንዲ ነው። በደንብ ይሰራ እንደነበር እርግጠኛ የሆናችሁበትን አንድ የድሮ ኮሚት "ጉድ" (ደህና) ትሉታላችሁ፣ የአሁኑን የተበላሸውን "ባድ" (መጥፎ) ትሉታላችሁ፣ እሱ ደግሞ መሃል ላይ ያለውን ኮሚት አውጥቶ ይሰጣችኋል። ትሞክሩታላችሁ፣ ከሰራ ጉድ፣ ካልሰራ ባድ፣ በቃ። ግማሹን ይጥልና ከቀረው ግማሽ ደግሞ መሃሉን ያወጣል፣ መዝገበ ቃላት ላይ ቃል ስንፈልግ መሃሉን ገልጠን ወደ ፊት ወይ ወደ ኋላ እንደምንለው ማለት ነው። 128 ኮሚት ቢኖር 7 ጊዜ፣ 1,000 ቢኖር 10 ጊዜ ገደማ፣ 10,000 ቢኖር እንኳ 14 ጊዜ ገደማ ነው ሚጠይቃችሁ። ሊነስ ቶርቫልድስ ጊትን በፈረንጆቹ 2005 ሲጀምረው ለሊነክስ ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ብሎ ነው፣ ባይሴክትም እዛው ዓመት ነው የገባው፣ ለምን ቢባል ከርነል ላይ በአንድ ሪሊዝና በሚቀጥለው መሃል ከ10,000 በላይ ኮሚት ሊገባ ይችላል፣ ያንን ቁጭ ብሎ ሚያነብ ሰው የለም። እስካሁንም የከርነል ሰዎች ጋ "በፊት ይሰራ ነበር" ብላችሁ ባግ ሪፖርት ስታረጉ ባይሴክት አርጋችሁ ኮሚቱን ብታመጡልን ነው ሚሉት።

አሁን እኛ ጋ እንዴት እንደጠቀመን ልንገራችሁ። አጋሮ መንገድ ላይ ላለ ቡና አቅራቢ በላራቬል (የፒኤችፒ ፍሬምወርክ) የሰራነው ሲስተም አለ፣ ገበሬው እሸት ቡና ሲያመጣ ይመዘናል፣ ስሙ ይፈለጋል፣ ኪሎው ይመዘገባል፣ በቅድሚያ የወሰደው ብር ካለ ይቀነስና ቀሪው ይከፈለዋል። ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ድረስ በሩ ላይ ሰልፍ ነው፣ ሲስተሙ ትንሽ ካንገራገረ ሰው ፀሐይ ላይ ይቆማል። እና አንድ ቀን ሂሳብ ሰራተኛዋ ደወለች፣ "ወንድሜ፣ ስሙን እየጻፍኩት የለም ይለኛል፣ ሰውየው ግን ባለፈው ሳምንትም ቡና አስረክቧል፣ እኔው ነኝ የመዘገብኩት፣ አሁን ሰልፉን ምን ልበለው?"

ስሙ ሐሰን ነው። እዚ አካባቢ ይሄ ስም ምን ያህል እንደሚበዛ ታውቃላችሁ፣ አንዱ ሐሰን ብሎ ይጽፈዋል፣ አንዱ ሀሰን፣ አንዱ ሃሰን። አሕመድም አህመድም እንደዛው፣ ዓሊና አሊም እንደዛው። ለኛ ጆሮ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ሌላ ፊደል ነው። ስለዚ ገና ከመጀመሪያው አንድ ፈንክሽን ጽፈን ነበር፣ ሐና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘራቸው ሚቀይር፣ ሃንም ወደ ሀ፣ ኣንም ወደ አ ሚመልስ፣ ስሙ እንደተጻፈው ይቀመጥና ጎን ለጎን በዚህ የተቀየረው ለመፈለጊያ በሌላ ኮለም ይቀመጣል። በደንብ ይሰራ ነበር፣ ሁለት ዓመት ማንም ቅሬታ አላመጣም።

አስቸጋሪው ነገር ኢረር የለም። ሎጉ ንጹህ ነው፣ ስክሪኑ ላይ ቀይ ነገር የለም፣ ሰርቨሩ ደህና ነው፣ "ምንም አልተገኘም" ብቻ ይላል፣ እሱ ደግሞ ትክክለኛ መልስም ሊሆን ይችላል። እኛ ጋ ስንሞክር አንዳንዱ ሐሰን ይገኛል አንዳንዱ አይገኝም። የባሰው ደግሞ ልጅቷ ካልተገኘ እንደ አዲስ ትመዘግበዋለች፣ ምን ታርግ፣ ሰልፍ አለ፣ ስለዚ አንድ ሰው ሁለት ፋይል ይኖረዋል፣ ቅድሚያ የወሰደው ብር አንደኛው ላይ ነው፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ነው ሚገባው፣ ብሩ ሳይቀነስ ይከፈለዋል። ይሄ የሰው ገንዘብ ነው። የገበሬና የነጋዴ መተማመን ነው ሚበላሸው፣ እነሱ ደግሞ በዓመት አንዴ በቡና ሰሞን ነው ሚተሳሰቡት።

አብሮኝ ሚሰራው ልጅ ወዲያው ፍለጋው ያለበትን ኮንትሮለር ከፈተ፣ እሱ ጋ ምንም የለም፣ ፈንክሽኑ ይጠራል፣ ፊደሉን ይቀይራል፣ ልክ ነው። የዳታቤዙ ኮሌሽን (ፊደል ሚያወዳድርበት ደንብ) ይሆናል አለ፣ አደለም። ከዛ ብራውዘሩ ካሽ አርጎ ይሆናል፣ ሰርቨሩ ላይ ፒኤችፒ ሲቀየር ይሆናል ምናምን፣ ግምት በግምት ላይ። ተው አልኩት፣ ከባለፈው የቡና ሰሞን በፊት ይሰራ እንደነበር እናውቃለን፣ ለሱ ሰሞን ያወጣነው ታግ (ኮሚት ላይ ሚለጠፍ ስም) አለ፣ እሱን ጉድ እንበለው።

ጊት ባይሴክት ስታርት፣ ጊት ባይሴክት ባድ፣ ከዛ ጊት ባይሴክት ጉድ ብለን ታጉን ሰጠነው። ወዲያው ስንት ኮሚት እንደቀረና ስንት ደረጃ ገደማ እንደሚወስድ ይነግራችኋል፣ ይሄ በራሱ በጣም ያረጋጋል፣ ምክንያቱም ኮድ እያነበባችሁ ባግ ስትፈልጉ መጨረሻው የት እንደሆነ አታውቁም፣ እዚ ግን ሰባት ስምንት ጥያቄ ብቻ እንደቀራችሁ እያያችሁ ነው ምትሄዱት። ሙከራችን ደግሞ ቀላል ነበር፣ በሐመሩ ሐ ሐሰን ብሎ አንድ ሰው መመዝገብ፣ ከዛ ሀሰን ብሎ መፈለግ፣ ከተገኘ ጉድ።

ያወጣው ኮሚት መልእክቱ "ኮድ ማጽዳት" ነው ሚለው። ፈንክሽኑ ሁለት ቦታ ይጠራ ነበር፣ ሲመዘገብና ሲፈለግ፣ ያጸዳው ሰው "ለምን ሁለቴ" ብሎ ምዝገባ ላይ ያለውን አውጥቶታል። ስለዚ ከዛ ቀን በኋላ የተመዘገበ ሐሰን መፈለጊያው ኮለም ላይ እንደተጻፈው ሐሰን ሆኖ ይቀመጣል፣ ሲፈለግ ግን ሁሌም ወደ ሀሰን ተቀይሮ ነው ሚፈለገው፣ ስለዚ ልጅቷ ራሱን ሐሰንን በትክክል ብትጽፈውም አይገኝም! ድሮ የተመዘገቡት ደግሞ ይገኛሉ። አንዳንዱ ሚገኘው አንዳንዱ ማይገኘው ለዚ ነበር። እስቲ አስቡት፣ ችግሩ ፍለጋው ላይ ነው ሚታየው፣ የተበላሸው ግን ምዝገባው ላይ ነው፣ ፍለጋውን አንድ ወር ብናነበው አናገኘውም ነበር። ባይሴክት ግን የት እንደሚታይ ግድ የለውም፣ የቱ ጋ እንደተቀየረ ነው ሚያሳየው። ይሄ ነው ትልቁ ጥንካሬው ለኔ።

አንድ መስመር መልሰን አንድ ጊዜ ሚሮጥ ስክሪፕት ጽፈን የተበላሹትን ኮለሞች አስተካከልን፣ ድርብ የተመዘገቡትን ሰዎች ግን ሂሳብ ሰራተኛዋ ራሷ ከደረሰኝ ጋ እያስተያየች ነው ያዋሃደቻቸው፣ እሱ በስክሪፕት አይሆንም፣ ስም ተመሳሳይ ብዙ ሰው አለ።

አሁን ሚወደድ ክፍሉ፣ ጊት ባይሴክት ረን። በእጃችሁ ጉድ ባድ እያላችሁ መቀመጥ የለባችሁም፣ ሙከራውን ስክሪፕት አርጋችሁ ትሰጡታላችሁ፣ ራሱ እየሞከረ ኮሚቱን አግኝቶ ይጠብቃችኋል። ስክሪፕቱ 0 ከመለሰ ጉድ ነው፣ ከ1 እስከ 127 ከመለሰ ባድ ነው፣ 125 ግን ለብቻው ነው፣ ይሄ ኮሚት ሊሞከር አይችልም ዝለለው ማለት ነው። ከ127 በላይ ከሆነ ደግሞ ጠቅላላ ስራውን ያቆማል። ይሄን ልብ በሉ ፒኤችፒ ምትጽፉ፣ ምክንያቱም ፒኤችፒ ፌታል ኢረር ሲገጥመው 255 ነው ሚመልሰው፣ ስለዚ መሃል ላይ አንድ ሴሚኮለን የጎደለው ኮሚት ካለ ባይሴክቱ ቀጥ ይላል፣ ሰው ደግሞ "ይሄ ነገር አይሰራም" ብሎ ይተወዋል። መፍትሄው ትንሽ ነው፣ በሼል ስክሪፕት ሸፍኑት፣ 255 ከመጣ 125 ብሎ እንዲመልስ አርጉ፣ ዘሎት ይሄዳል። ሌላው ደግሞ የሙከራ ፋይሉን ጊት ውስጥ ኮሚት አታርጉት፣ ወደ ድሮ ኮሚት ሲመለስ አብሮ ይጠፋል፣ ከፕሮጀክቱ ፎልደር ውጪ አስቀምጡትና ከዛ ጥሩት።

ጅማ ላይ ሆኖ ለሚሰራ ሰው ለምን እንደሚመች ደግሞ ልናገር። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ታሪኩ በሙሉ ላፕቶፓችሁ ውስጥ ነው ያለው፣ ፓኬጅ ያለቀ ጊዜም ኔትወርክ የጠፋ ጊዜም ይሰራል። መብራት ጠፍቶ ባትሪው ቢያልቅና ላፕቶፑ ቢዘጋም የት እንደደረሰ ጊት ፎልደሩ ውስጥ ተጽፏል፣ መብራት ሲመጣ ከፍታችሁ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ፣ ምን ምን እንዳላችሁት ማየት ከፈለጋችሁ ጊት ባይሴክት ሎግ በሉ። እኛ ከሰዓት ጀምረን መብራት ሄዶ ማታ ነው የጨረስነው፣ አንድም ጥያቄ አልደገምንም። ሎጉን ፋይል ላይ አርጋችሁ ለጓደኛችሁ በቴሌግራም ብትልኩለት ደግሞ እሱ ባይሴክት ሪፕሌይ ብሎ እናንተ ከደረሳችሁበት መቀጠል ይችላል፣ ይሄንን ብዙ ሰው አያውቀውም።

ግን ኢንተርኔት ያስፈልጋል ሚባልበት አንድ ቦታ አለ፣ እሱን ሳልናገር ባልፍ ልክ አይሆንም። ወደ ድሮ ኮሚት ስትመለሱ ኮዱ ሚጠቀምባቸው ፓኬጆች ቨርዥን ሌላ ከነበረ ኮምፖዘር ኢንስቶል ወይ ኤንፒኤም ኢንስቶል ማረግ ሊያስፈልጋችሁ ነው፣ ፓኬጆቹ ሚቀመጡባቸው ቬንደርና ኖድ ሞጁልስ ፎልደሮች ጊት ውስጥ ስለማይገቡ አብረው አይመለሱም። ኮምፖዘር አንዴ ያወረደውን ካሽ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ኤንፒኤምም ፕሪፈር ኦፍላይን ሚባል ኦፕሽን አለው፣ ግን ካሹን ካጸዳችሁት ያው ዳታ መብላቱ ነው። ዳታቤዝም እንደዛው ጣጣ አለው፣ የድሮው ኮድ የድሮውን ቴብል ነው ሚጠብቀው፣ ማይግሬሽን (ቴብሎቹን ሚቀይረው ኮድ) በራሱ ወደ ኋላ ስለማይሄድላችሁ በየደረጃው ከዜሮ ሚፈጠር የሙከራ ዳታቤዝ ተጠቀሙ፣ ኤስኪውላይት ይበቃል። የደንበኛውን ዳታቤዝ ይዛችሁ ባይሴክት እንዳትሞክሩ፣ በአላህ።

ሌላው ድክመቱ ራሱ ላይ ሳይሆን እኛ ላይ ነው። ባይሴክት ሚሰጣችሁ ኮሚት ነው፣ መስመር አደለም። ኮሚታችሁ ትንሽ ከሆነ ያው መስመሩን ሰጣችሁ ማለት ነው፣ ኮሚታችሁ ግን የሳምንት ስራ ተጠራቅሞ "ፋይናል" ተብሎ የገባ ከሆነ አርባ ፋይል የነካ ኮሚት አውጥቶ "ይሄ ነው" ይላችኋል፣ እንደገና ማንበብ ነው። ባጋጣሚ ከኛ በፊት ሌላ ቡድን ሲሰራው የነበረ ፕሮጀክት ተረክበን ነበር፣ ኮዱ በቴሌግራም ዚፕ እየተደረገ ሲዟዟር የኖረ ነው፣ ጊት ውስጥ ሁለት ኮሚት ብቻ ነው ያለው፣ እዛ ላይ ባይሴክት ምን ያረጋል? ምንም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የመመረቂያ ፕሮጀክት ምትሰሩ ልጆች ይሄን ከአሁኑ ልመዱት፣ አንድ ነገር ሲሰራ አንድ ኮሚት፣ ሚሮጥ ሆኖ፣ ምን እንደተቀየረ ሚናገር መልእክት ያለው። "አፕዴት" "አፕዴት 2" "አሁን ይሰራል" ሚሉ ኮሚቶች ሲደረደሩ አይቼ ልቤ ነው ሚደማው።

ዳታ ለመቆጠብ ብላችሁ ዴፕዝ 1 ብላችሁ ክሎን ካረጋችሁ ደግሞ ታሪኩ የላችሁም፣ የመጨረሻው ኮሚት ብቻ ነው የወረደው። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትሄዱ ጊት ፌች አንሻሎው ብላችሁ ሙሉውን አውርዱት።

አንዴ ሚታይ አንዴ ማይታይ ባግ ላይም ይሳሳታል፣ እሱ ሳይሆን ሙከራችሁ ነው ሚያሳስተው፣ የተበላሸውን ኮሚት በአጋጣሚ ሰርቶ ጉድ ካላችሁት ከዛ በኋላ ያለው በሙሉ ወደተሳሳተ ቦታ ነው ሚሄደው፣ ምንም አያስጠነቅቃችሁም። እንደዚ አይነት ባግ ከሆነ ስክሪፕቱ ውስጥ ሙከራውን አስር ሃያ ጊዜ እንዲደጋግም አርጉት፣ አንዴ እንኳ ከወደቀ ባድ ይበል።

ከሌሎቹ ጋ ሳወዳድረው፣ ፕሪንት እያረጉ መፈለግን አልንቅም፣ ትንሽ ኮድ ላይ አሁንም ፈጣኑ እሱ ነው። ጊት ብሌም መስመሩን ማን መቼ እንደነካው ያሳያል፣ ግን መስመሩን ቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ፣ ደግሞ እኛ እንደገጠመን የተሰረዘ መስመር ከሆነ ብሌም ላይ ጭራሽ የለም፣ የሌለ መስመር ማን ነክቶት ያሳያል። ሴንትሪን የመሳሰሉት ኢረር ሲፈጠር ይይዙላችኋል፣ ጎበዞች ናቸው፣ ግን የኛ ባግ ኢረር አልነበረውም፣ ሚከፈልበት ፓኬጃቸው ደግሞ በዶላር ነው፣ ያን ከዚ ሆኖ መክፈል ራሱ ሌላ ስራ ነው። ኤአይ ረዳቶቹን እጠቀማለሁ፣ ኮዱን ስትሰጧቸው ጥሩ ጥሩ ግምት ያመጣሉ፣ ግን ግምት ነው፣ ባይሴክት ሚሰጣችሁ ሞክራችሁ ያረጋገጣችሁትን ነው። እንዲያውም አሪፉ አካሄድ ባይሴክት ኮሚቱን ካወጣ በኋላ ያንን ኮሚት ብቻ ሰጥታችሁ አስረዳኝ ማለት ነው፣ ሙሉ ፕሮጀክቱን ከምትጭኑበት በጣም የጠራ መልስ ይሰጣችኋል።

ከ5 ኮከብ 4.5 ሰጥቼዋለሁ። ግማሹን የቀነስኩት ለአዲስ ሰው ስለማያዝን ነው፣ መሃል ላይ ጊት ስታተስ ስትሉ "ዲታችድ ሄድ" (ብራንች ላይ አደላችሁም ማለት ነው) ምናምን ብሎ ያስደነግጣል፣ ጉድና ባድ አቀያይራችሁ ከሰጣችሁት ሚያወጣው መልእክትም ለጀማሪ ግልጽ አደለም፣ ሰው ደግሞ ሲደነግጥ ፎልደሩን አጥፍቶ እንደ አዲስ ክሎን ያረጋል። አትደንግጡ፣ ጊት ባይሴክት ሪሴት ካላችሁ ወደነበራችሁበት ብራንች ይመልሳችኋል፣ ከመጀመራችሁ በፊት ያላስቀመጣችሁት ስራ ካለ ብቻ ኮሚት ወይ ስታሽ (ለጊዜው ወደ ጎን ማስቀመጥ) አርጉት። ዊንዶውስ ላይ ያላችሁ ደግሞ የባይሴክት ረን ስክሪፕታችሁን ሲኤምዲ ላይ ከመታገል ከጊት ጋ አብሮ ሚጫነውን ጊት ባሽ ከፍታችሁ እዛ አሂዱት፣ ያለ ጣጣ ይሄዳል።